የኮሮላዬን የፊት ፍሬን ፒስተን ግቢያችን ውስጥ እንዴት እንደቀየርኩ

አባቴ ለብዙ ዓመት ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል። የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ጣርማ በርን ወርደው ደብረ ሲና ሲደርሱ ሻይ ከማዘዛቸው በፊት መኪናውን ይዞሩታል። በየጎማው አጠገብ ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቸርኬው ያስጠጋሉ። አይነኩትም፣ ሙቀቱን ብቻ ይቀበላሉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጉዞ የለም። ልጅ ሆኜ በክረምት ዕረፍት አብሬያቸው ስሄድ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥረውም።

ባለፈው ጥቅምት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል። መኪናዬ በፈረንጆች 2002 የተሠራች ኮሮላ ናት። ዳር ያዝኩና ወርጄ እንደ አባቴ እጄን አስጠጋሁ። የፊት ግራው ለብ ብሏል። የፊት ቀኙ ሙቀት ግን ገና ከሩቁ እጄን መለሰው።

ከዚያ በፊት፣ ስድስት ወር ገደማ ይሆናል፣ በዚያው ጎማ ምክንያት አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ፒስተኑን፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ሸራውን የሚገፋውን ብረት፣ በካቻቪቴ ወደ ውስጥ ገፍተው፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ገጥመው ሸኙኝ። ሸራው እኮ የተበላው ፒስተኑ ስላልተመለሰ ነው። ምክንያቱ እዚያው ተቀምጦ ሸራ ቢቀየር ሌላ ሸራ መመገብ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ራሴ ልፈታው ወሰንኩ። አባቴ ወንበር ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጄ ደግሞ ፔዳል ረጋጭ ሆነች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ፍሬን ነው። ጎማ እንኳ ፈታችሁ የማታውቁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጊዜ ብቻችሁን አትሥሩ፤ የሠራ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። የምነግራችሁም ለፊት ፍሬን ነው፤ አንድ ፒስተን ላለው፣ በሁለት ፒን ላይ ወዲያና ወዲህ ለሚንሸራተት ካሊፐር (ፒስተኑንና ሸራዎቹን ለያዘው የብረት አካል)። የእጅ ፍሬኑ ከካሊፐሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራበት የኋላ ፍሬን አሠራሩ ሌላ ነው። የዚያ ፒስተን እየተሽከረከረ ነው የሚገባው፤ በዚህ መንገድ አትሞክሩት።

በእርግጥ ፒስተኑ ነው ወይ?

የሞቀ ጎማ ሁሉ የፒስተን ችግር የለበትም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ከደረቁም ያው ነው፤ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ይዞ ይቀራል። ለመለየት ካሊፐሩን ፍቱና ፒኖቹን በእጃችሁ አንቀሳቅሷቸው። ለስለስ ብለው ከሄዱ ደህና ናቸው። ከዚያ ፒስተኑን በሞርሴቶ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ደህና ፒስተን ወጥ በሆነ ግፊት ይገባል። የኔው እምቢ አለ፤ ስጨምርበት ደግሞ ዘሎ ገባ። አቧራ መከላከያው ጎሚኒ አንድ ቦታ ተቀዶ ነበር። ስገልጠው ፒስተኑ ዙሪያውን የዛገ ቀለበት ይዟል። ክረምቱን ሙሉ መኪናዋ ዝናብ ላይ ስትቆም ውኃው በዚያች ቀዳዳ ይገባ ነበር ማለት ነው።

የፍሬኑ ጎማ ቱቦ በውስጡ ሲያብጥም ዘይቱን አላስመልስ ብሎ ፍሬን ያሲዛል። መኪናው ተነስቶ ጎማው አልዞር ካለ የካሊፐሩን የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉት። ዘይት ፈንጠር ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ችግሩ ከካሊፐሩ በላይ ነው። ቱቦውን ጠርጥሩ።

ያቺ ቀጭን ጎሚኒ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ካሊፐሩ ውስጥ ፒስተኑን ዙሪያውን የያዘች የጎማ ቀለበት አለች። ብትቆርጧት ቁራጩ እንደ ኦሪንግ ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። ሁሉም ዘይት እንዳይፈስ የተቀመጠች ይመስለዋል። እሱንም ትሠራለች። ግን ፒስተኑን የምትመልሰውም እሷው ናት። ውስጥ ምንም ስፕሪንግ የለም።

ፍሬን ስትረግጡ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ጎሚኒዋም ይዛው አብራ ትጎብጣለች። ስትለቁት ወደ ቅርጿ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን ወደ ኋላ ትስበዋለች። ሸራው ዲስኩን የሚለቀው በዚህች ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ደግሞ ፒስተኑ በጎሚኒዋ ውስጥ ትንሽ ወደ ፊት ያልፍና አዲስ ቦታ ይይዛል።

ጎሚኒዋ የምትቀመጥበት ቦይ ውስጥ ዝገትና ደለል ከተጠራቀመ መጉበጫ ቦታ ታጣለች። ፒስተኑን ጨምድዳ ትይዛለች እንጂ አትስበውም። አዲስ ፒስተንና አዲስ ጎሚኒ ገዝታችሁ ያቺን ቦይ ካላጸዳችሁ ሥራው ከንቱ ነው። ከጠቅላላው ሥራ ረጅሙን ሰዓት የሰጠሁት ለእሷ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ፒስተኑና ኪቱ ሶማሌ ተራ ይገኛሉ። ኪት ስትሉ ጎሚኒዋ፣ አቧራ መከላከያው፣ የመከላከያው ሽቦ ቀለበትና የፒኖቹ ላስቲኮች መኖራቸውን አረጋግጡ። የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። በአንድ ሞዴል ላይ እንኳ የተለያየ መጠን ያለው ካሊፐር ይገጠማል። ከተቻለ አሮጌውን ፒስተን አውጥታችሁ ይዛችሁት ብትሄዱ ይሻላል፤ እኔ እንደዚያ አደረግኩ። ውፍረቱን፣ ርዝመቱንና የመከላከያው ከንፈር የሚገባበትን ቦይ ጎን ለጎን አመሳክሩ። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም በቬርኒየር (የውፍረት መለኪያ) ለኩ።

ከዚያ ሌላ አዲስ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ያስፈልጋል። ተከፍቶ የቆየ ዘይት አትጠቀሙ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መለኪያው 140 ላይ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እየሰመጠ የሚሄደው ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠር ነው። ያው ውኃ ነው ፒስተኑንም ከውስጥ የሚያዝገው። በፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ።

አራት የመዳብ ሮንዴላ፣ ለፍሬን የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ፣ የ10፣ የ14 እና የ17 ቁልፍ፣ ቀጭን የሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ባዶ የውኃ ጠርሙስ፣ ሽቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አልኮልና ስቴኪኒ። ክሪክና ጠንካራ የብረት ማቆሚያም።

ቤንዚንና ናፍጣ እዚህ አካባቢ አይድረሱ። ብዙ ቦታ የፍሬን ዕቃ በቤንዚን ሲታጠብ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጣሉ። ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን ይይዛል፤ ያው ወደ ጀመርንበት ችግር ተመለስን ማለት ነው።

መፍታት

ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። የጎማ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉ። ከዚያ አንሱና ማቆሚያው ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ።

ምንም ሳትፈቱ በመጀመሪያ የአየር ማውጫ ብሎኑን ሞክሩ። ትንሽ ናት፣ በውስጧ ክፍት ናት፣ ከዛገች ትሰበራለች። ከተሰበረች ካሊፐሩ ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል የዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ታገሷት። እኔ ማታ ነፍቼ ጠዋት ነው የፈታኋት። ቱቦውን ካሊፐሩ ላይ የያዘውን ብሎንም አሁኑኑ ላላ አድርጋችሁ መልሳችሁ አጥብቁት። ካሊፐሩ ቦታው ላይ ተገጥሞ እያለ ይህን ማድረግ ይቀላል፤ ሲንጠለጠል ያስቸግራል።

አሁን ሁለቱን የፒን ብሎኖች በ14 ፍቱ። ፒኑ አብሮ ከዞረ በ17 ያዙት። ካሊፐሩን አንሱና በሽቦ ስፕሪንጉ ላይ አንጠልጥሉት። በቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት። ሸራዎቹን አውጡ፤ የትኛው ከውስጥ የትኛው ከውጭ እንደነበረ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ፒስተኑን ለማውጣት ኮምፕሬሰር አያስፈልግም። በአየር የተገፋ ፒስተን እንደ ጥይት ይወጣል፤ ጣት ይቀጠቅጣል። መኪናው ራሱ ጉልበት አለው፣ የፍሬን ፔዳሉን ተጠቀሙ። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። አንደኛ፣ የሌላው ጎማ ፍሬን ሳይነካ እንደተገጠመ ይቆይ። ሁለተኛ፣ ፔዳሉ ሥር አንድ ቁራጭ እንጨት አድርጉ። አሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ከሄደ ከፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋው የማስተር ሲሊንደር ጎሚኒ ደርሶበት የማያውቅ ሻካራ ቦታ ላይ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል።

ካሊፐሩ አፍ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ አስገባሁ። ልጄን «እሙዬ፣ ቀስ ብለሽ» አልኳት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ረገጠች። ምንም የለም። አራተኛው ላይ ጢቅ አለና መንቀሳቀስ ጀመረ። ጣውላውን ሲነካ አስቆምኳት፣ ቀጠን ባለ ጣውላ ቀየርኩት፣ እንደገና ረገጠች። ጫፉ ላይ ሲደርስ በጨርቅ ይዤ እያወዛወዝኩ በእጄ አወጣሁት። ሥሩ ሳህን አስቀምጡ፤ ዘይቱ ይፈሳል። የመኪና ቀለም ላይ ከነጠበ ወዲያው በውኃ እጠቡት፤ ቀለም ይልጣል።

ይህን ስትሠሩ ማጠራቀሚያውን እያያችሁ ዘይት ጨምሩ። ባዶ እንዲሆን አትፍቀዱ፤ በተለይ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና ፓምፑ አየር ከሳበ ለማስወጣት ኮምፒውተር እስከመፈለግ ይደርሳል። ቱቦውን ስትፈቱ ዘይቱ እየፈሰሰ እንዳያስቸግራችሁ ፔዳሉን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተጫኑትና በመቀመጫው በኩል በእንጨት ደግፉት። ከማጠራቀሚያው የሚወርደው መንገድ ይዘጋል። ይህን አባቴ ናቸው ያሳዩኝ።

ማጽዳት

አቧራ መከላከያውን አውጡ። ጎሚኒዋን በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አንሷት። ካቻቪቴ ወይም መርፌ አትጠቀሙ፤ ቦዩን ከጫሩት በዚያ በኩል ዘይት ያልፋል።

የካሊፐሩን ውስጥ በአልኮል እጠቡ። ቦዩን በስቴኪኒ ጫፍ፣ ከዚያ በጨርቅ ዙሩት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የኔው ቡናማ ጭቃ ነገር ሲያወጣ አንድ ሰዓት አለፈ። ግትር ዝገት ካለ በናይለን የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አልኮል ውኃ አለበት፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ መጨረሻ ላይ በአዲስ የፍሬን ዘይት አለቅልቁት።

አሁን በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ጎሚኒዋ የምትቀመጠው በካሊፐሩ ቦይ ውስጥ ነው፤ የምትነካካው የፒስተኑን ገጽ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ቀላል የቀለም ለውጥ ቢኖር አያሳስብም። ቦዩ ራሱ ተበልቶ ጉድጓድ ካወጣ ግን ካሊፐሩ ይቀየር፤ አዲስ ፒስተን አያድነውም። አሮጌውን ፒስተን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስም አይሆንም። ከብረት የተሠራ ፒስተን ላዩ በስስ ክሮም የተሸፈነ ነው፤ ክሮሙ ከተፋቀ ዝገቱ በአጭር ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

መግጠም

እጃችሁን ታጠቡ። አዲሷን ጎሚኒ በአዲስ ዘይት ነክራችሁ በጣታችሁ ቦዩ ውስጥ አስቀምጧት። ዙሪያዋን በጣት ዳስሱ፤ የተጠማዘዘ ቦታ እንዳይኖር። ፒስተኑንም ዘይት ቀቡት።

መከላከያውን መጀመሪያ በፒስተኑ ጭራ በኩል አልብሱት። ዳሩን ካሊፐሩ ላይ ቦታው ካስያዛችሁ በኋላ ፒስተኑን ግፉ። ከዚያ የሽቦ ቀለበቱ ይገባል። ፒስተኑ ሲገባ የመከላከያው ከንፈር የፒስተኑ ቦይ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው የተሳካልኝ፤ አትናደዱ።

ፒስተኑ በሁለት አውራ ጣት ግፊት ይገባል። መጀመሪያ ጎሚኒዋ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ወጥ ሆኖ ይሄዳል። አልገባም ካለ ጠማማ ነው። አውጡና እንደገና ጀምሩ። መዶሻ አይነሣ!

ፒኖቹን አጽዱ፣ ስስ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡ፣ ላስቲካቸውን ቀይሩ። ሸራውን ገጥማችሁ ካሊፐሩን መልሱ። ሸራው ከተበላ ወይም ዘይት ከነካው አዲስ አስገቡ፤ የሚገባው ግን በሁለቱም ጎማ ነው። ብሎኑ የሚያልፍበት የቱቦው ራስ ከላይም ከታችም አዲስ ሮንዴላ አድርጉ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካላችሁ በዚህ ኮሮላ ላይ የፒን ብሎኖቹ 34 ኒውተን ሜትር፣ የቱቦው ብሎን 30፣ የጎማ ዳዶው 103 ነው። ለሌላ መኪና የራሱን መመሪያ ተመልከቱ።

ከዚያ የግራውንም በዚሁ መንገድ ሠራሁት። የግራው ገና ደህና ይመስል ነበር፤ ግን አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆነው እኩል አይዙም። አራት ሮንዴላ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ግራና ቀኝ ካሊፐሮቹን አታለዋውጡ። የአየር ማውጫው ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ወደ ታች ከሆነ አየሩ መቼም አይወጣም።

አየር ማስወጣት

ጋራዥ ውስጥ ስፑርጎ የሚሉት ነው። ፕላስቲኳን ቱቦ አየር ማውጫው ላይ ሰክታችሁ ጫፏን ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። ረጋጩ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ረግጦ መጨረሻው ላይ ይይዛል።

«ያዝሽ?»

«ያዝኩ እማዬ!»

ብሎኑን በ10 ሩብ ዙር ክፈቱ። ዘይትና አረፋ ይወጣል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ዝጉ። «ልቀቂ» በሉ። ከመዝጋታችሁ በፊት ከተለቀቀ አየር መልሶ ይሳባል። ስለዚህ በቃል ተግባቡ፤ የልጄ አባት ሊያወራት ሲመጣ ያባረርኩት ለዚህ ነው። አረፋ ጠፍቶ ንጹሕ ዘይት ብቻ እስኪመጣ ድገሙት። በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን ሙሉ። እኔ በቀኙ በኩል ሃያ ጊዜ ያህል ደገምኩ። የወጣው ዘይት እንደ ጠላ ጠቁሮ ነበር።

ብሎኗን ስታጠብቁ ጉልበት አትጨምሩ፤ ትበጠሳለች።

ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት

ሞተሩን አስነስታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ፒስተኑ ገና ሸራውን አልደረሰም። ይህን ሳያደርጉ ማርሽ አስገብተው ግድግዳ የመቱ ሰዎች አሉ። ፔዳሉ ጠንክሮ ከፍ ብሎ ሲቆም ለአንድ ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ በባትሪ ፈልጉት። እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ቀርቷል፤ ወደ ጠርሙሱ ተመለሱ።

ጎማውን ግጠሙ፣ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ አጥብቁ። ግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት ወደፊትና ወደኋላ ሞክሩ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ በ20፣ በ40። ቁልቁለት የመጀመሪያው ቀን ላይ አይሞከር።

እኔ ከኮተቤ እስከ መገናኛ ደርሼ ተመለስኩ። አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ፊት ቀኙ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን አስጠጉ። ወደ ግራው ዞሩ። እንደገና ወደ ቀኙ ተመለሱ። «እኩል ነው» አሉና ቡና ጠየቁ።

በሳምንቱ ጎማዎቹን መልሼ ፈትቼ የቱቦውን ብሎንና የአየር ማውጫውን ዙሪያ በንጹሕ ወረቀት ጠረግኩ። ወረቀቱ ደረቅ ነበር። የማጠራቀሚያው ዘይትም በቀለም ምልክት ካደረግኩበት አልወረደም።